ሁለት በሬ ያስጻፍኩ ዕለት

ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በታች
ኅዳር ፳፮ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየሻረግ ተሻገር፤ መተከል፣ ሰፈራ ጣቢያ።

የእናትሽ ምትክ የሻረግ፣ እንደምን አለሽልኝ? ባልሽ መልአኩስ እንደምን አለ? ያ የቆላ ትኩሳት ለቀቀው ወይስ ገና ያንቀጠቅጠዋል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ አንዳንዴ ይለግማል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ገብሱ ገብቷል። ጤፉም ታጭዶ ተከምሯል፤ መውቃት ብቻ ነው የቀረኝ። ዝናቡ ካምናው ይሻላል፤ እንደ ድሮው ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። መሬታችሁን ትራክተር ነው የሚያርሰው ብለሽ ጽፈሽልኛል። ይሁን። የበሬ ኮቴ ያልረገጠው መሬት ምን እንደሚያበቅል እናያለን።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አዲስዓለም “ይንገሩኝና እኔ ልጻፍልዎ” ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት። የቤቴን ነገር በእሱ ብዕር አላወጣም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከልጆች ጋር ተደርድሬ የቆጠርኩት ፊደል ዛሬ ካልጠቀመኝ መቼ ሊጠቅመኝ ነው? አንድ ገጽ ስሞላ ጣቴ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው የምጽፈው። ከላይ ያለው ቀን የጀመርኩበት ነው። ነገሩ ወዲያና ወዲህ ቢልብሽ ታገሺኝ።

ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል፤ “ውባለም ትምህርት ቤት ገባች ወይ?” ብለሽ። በመጀመሪያው መልሴ ስለ ዝናቡ ጻፍኩልሽ። በሁለተኛው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ክዳን። የልጅሽን ነገር ሁለቴም ዘለልኩት፤ መዝለሌንም አንቺ ሳታውቂው አልቀረሽም። አሁን ከሥሩ ልንገርሽ። ስትጨርሺ ብትቆጪኝ መብትሽ ነው። ብቻ እስኪያልቅ አንብቢው።

አምና ጥር ላይ መኪናው ሊነሣ ሲል ውባለምን ከእጅሽ የወሰድኳት እኔ ነኝ። “የምትሄዱበት አገር ገና ዱር ነው፤ ትምህርት ቤቱም መቼ እንደሚቆም አይታወቅም። እኔ ዘንድ ትቅር፣ አስተምራታለሁ” አልኩሽ። አንቺም መኪናው ላይ ሆነሽ “አደራ አባቴ፣ ትምህርቷን” አልሽኝ። ሌላ ቃል አልወጣሽም። ለትምህርቷ ብዬ ነው ያስቀረኋት፤ ይህ እውነት ነው። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ እውነት ነው።

በሬያችን ዳልቻ በድርቁ ዓመት ሲወድቅ እዚሁ ነበርሽ፤ ቆዳውን ስገፍ ውኃ ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ። ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ግን አታውቂም። ቦራ ብቻውን ቀረ። አንድ በሬ ደግሞ ምን ያርሳል? ወይ እንደ አንቺው አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ተቀናጅተሽ፣ በሬን ከበሬ አጣምረሽ በተራ ታርሻለሽ፤ ወይ መሬትሽ ጦሙን ያድራል። አባቴም አያቴም በሰው በሬ አርሰው አያውቁም። እኔም መጋቢትንና ሚያዝያን ቦራን አስሬ ስመለከተው፣ እሱም እኔን ሲመለከተኝ ከረምን።

ግንቦት ሲገባ አንድ ቀን ጧት ጁነይዲ ደጄ ላይ ቆመ። ጁነይዲን ታውቂዋለሽ፤ አርብ ገበያ መስጊዱ አጠገብ የሚሸምነው፣ የእናትሽን የመጨረሻ ቀሚስ የሠራው። አባቱ አንድ ክንድ መሬት ሳይኖረው ነው የሞተ። እሱ ግን በመሬት አዋጁ ጊዜ ከገበያው በታች ደርሶት ዛሬ በድንበር የምንዋሰን እኔና እሱ ነን። ቡላ የሚለውን በሬውን እየጎተተ ነው የመጣ።

“አያ ተሻገር፣ እርስዎ አንድ አለዎት፣ እኔም አንድ አለኝ። እንቀናጅ” አለኝ።

“አንተ እግርህን ከሽመና ጉድጓድ አውጥተህ ትልም ላይ ያኖርከው መቼ ነው?” አልኩት።

“አላህና አዋጁ ያወጡኝ ዕለት ነዋ!” ብሎ ሳቀ። አይቀየምም፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

“ቦራ ከማን ጋር እንደሚጠመድ የማውቀው እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው እሱኑ እንጠይቀው።”

ውባለም ከበረቱ ኋላ ቆማ ኖሮ ከት ብላ ሳቀች። ካንቺ ከተለየች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ለእሷ ሳቅ ስል እሺ አልኩ።

ቀን ስንከፋፈል ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ መጣ። “በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም እርስዎ አያርሱም። እነዚያ ቀኖች ለእኔ ይሁኑ” አለኝ።

“ቦራን በሚካኤል ቀንበር አይነካውም” አልኩት።

“ምነው፣ በሬው ተጠምቋል እንዴ?”

“ከክርስቲያን በረት ነው የተወለደው!”

“እሺ ይሁን። የእኔ ቡላ ግን የዓርብ ስግደት የለበትም። እኔ መስጊድና ገበያ ስውል እርስዎ ይረሱበት” አለኝ። በዚህ ተስማማን። ዓርብ የእኔ ቀን ሆነ። ጉዱን ያመጣብኝም ይኸው ዓርብ ነው።

ሰኔ ላይ አንድ ዓርብ የጤፉን ማሳ ስደግም ሦስት ሰዎች በድንበሩ በኩል መጡ። አንዱ አዲስዓለም ነው። አባቱ ከእኔ ጋር ስለ ድንበር ስንት ዘመን እንደተካሰሰ ታውቂያለሽ። ሁለተኛው ከአውራጃ የመጣ ወረቀት ያዥ ነው። ሦስተኛዋ የአርብ ገበያዋ መምህርት ናት፤ አንዲት ቀጭን ልጅ። ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ከእግሯ ይከብዳል።

“አባቴ፣ እግዜር ያበርታዎት” አለችኝ። “በድርቁ ምክንያት ትምህርት ያቋረጡ ልጆች የሚማሩበት ክፍል ንፋስ መውጫ ከተማ ሊከፈት ነው። የሁለት ዓመቱን ባንድ ዓመት ይማራሉ፤ ማደሪያና ምግብ አለው። ያለፋቸውን ማካካሻ ነው።”

መልካም ነገር መሆኑ ገባኝ። ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመችው ውባለም ከኋላዬ ጓል እየከሰከሰች ነበርና መዶሻዋን አቁማ ስትሰማ አየኋት። መምህርቷ በዚህ ቢበቃት ምን ነበረበት! ቀጠለችና “ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለችግረኛ ቤተሰብ ነው” አለች።

ችግረኛ። ይህች ቃል እንደ ጉንዳን ጆሮዬ ውስጥ ገባች። አዲስዓለምም እኔን አይቶ ፈገግ አለ፤ ወይም ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ወረቀት ያዡ “ስንት በሬ አለዎት?” አለኝ። እኔ እርፉን ጨብጫለሁ። ቦራና ቡላ ከፊቴ ተጠምደው ቆመዋል።

“አታይም?” አልኩት።

“ተቀናጅቶ የሚያርስ ስላለ ነው፣ የሰው እንዳይሆን ብዬ።”

አዲስዓለም “አዎ፣ አያ ተሻገር እንኳ አንዱ በሬያቸው በድርቁ...” ብሎ ጀመረ።

“የሞተውን ስትቆጥር የቆመው አይታይህም?” አልኩት። “ሁለቱም የእኔ ናቸው። በተሻገር ማሳ ላይ የማን በሬ ሊቆም ነው?”

መምህርቷ “ሁለቱም?” አለች። “አባቴ፣ እንዲያ ከሆነ እኮ ልጅቱ...”

“ችግረኛ ከፈለግሽ ወዲያ ማዶ ሂጂ፣ ልጄ” አልኳት።

ወረቀት ያዡ ጻፈ። ሁለት በሬ። ሰው ሁሉ መዝጋቢ ሲመጣ በሬውን ገደል ለገደል ይደብቃል፤ ሁለቱን አንድ፣ አንዱን የለም ይላል። እኔ ብቻ ነኝ በጋይንት ምድር አንዱን ሁለት ብዬ ያስጻፍኩ።

በሬዎቹን ስንፈታ ውባለም ቀንበሩን እየተቀበለችኝ “አባባ፣ ቡላ የእኛ ነው እንዴ?” አለችኝ።

“ለዛሬ የእኛ ነው” አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። አንቺም ልጅ ሳለሽ እንዲህ ነበርሽ፤ ጠይቀሽ ዝም ስትዪ ነው የምትከብጂኝ።

በነሐሴ መጨረሻ የተመረጡት ልጆች ስም ተነበበ። ከእኛ ቀበሌ አምስት ናቸው። የመጀመሪያዋ የጁነይዲ ልጅ ሀኒፋ ናት፤ “በሬ የለውም” ተብሎ ነው የተመዘገበ። ውባለም የለችበትም። ደስ አላለኝም የሻረግ፤ የሸማኔው ልጅ ቀድማ የእኔ መቅረቷ አንገበገበኝ። በዚያው እግሬ ጁነይዲ ቤት ሄድኩ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ ይሸምናል።

“አንተ!” አልኩት፤ “በሬ እያለህ የለኝም ብለህ ልጅህን አስገባህ?”

መወርወሪያውን አስቀመጠ። “እኔ የለኝም አላልኩም። ‘አንድ አለኝ’ ስላቸው አዲስዓለም ‘ቡላን አያ ተሻገር የእኔ ነው ብለው አስጽፈውታል’ አለኝ። ምን ልበል ነበር? በሰው ፊት ‘ሽማግሌው ዋሽተዋል’ ልበል? ዝም አልኩ። እርስዎ በጠራራ ፀሐይ በሬዬን ወሰዱት፤ ዝም ስላልኩ ሌባው እኔ ሆንኩ?”

ልወጣ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ነገ አብረን እንሂድ። ‘ሁለታችንም አንድ አንድ ነው ያለን’ እንበላቸው” አለኝ።

“የሀኒፋ ቦታስ ቢቀርባት?”

“የሀኒፋን አላህ ያውቃል። የውባለምን ግን እኔም እርስዎም እናውቃለን።”

በማግስቱ አልሄድኩም። ጉልበቴ አሞኝ ነበር። በሳምንቱም ዝናብ ሆነ፣ ከዚያ አዲስ ዓመት ሆነ። ጁነይዲ በተገናኘን ቁጥር “ዛሬስ?” ይለኛል፤ “ጉልበቴ” እለዋለሁ። “በዚሁ ጉልበት አይደል ለደመራ ያን አቀበት የወጡት?” አለኝ አንድ ቀን። አፍህን ዝጋ አልኩት።

በዚያ ሰሞን ቤቱ እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ። ውባለም ጧት ውኃ ቀድታ ስትመለስ ከሩቅ “አባባ፣ ተነሡ፣ ፀሐይ ወጣች!” ትለኛለች። እኔ ድሮ ነቅቻለሁ፤ ግን እስክትጠራኝ እተኛለሁ። ማታ እራት በልተን ያንቺን ደብዳቤ አንብቢልኝ እላታለሁ። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ ዓይኔ ስለሚደክም ነው። “አባባ፣ ይህን እኮ ትናንትም አንብበነዋል” ትለኛለች፤ ግን ታነብልኛለች። ይህን የጻፍኩት ምን እንደምትሠራ እንድታውቂ ብዬ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

ከመስቀል በኋላ ሀኒፋ ሄደች። ውባለም ጓዟን ተሸክማ እስከ ትልቁ መንገድ ሸኘቻት። ተመልሳ ስትገባ አላለቀሰችም። ደብተሯን ከግድግዳው ሽንቁር አውጥታ በጨርቅ ጠቀለለችው፤ ከእህሉ ማሰሮ ኋላም አኖረችው። ከዚያ ሻሿን እንደ ትልቅ ሴት ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ አሰረችና ወፍጮው ላይ ተንበረከከች። አየኋት። አይቼም በሬውን ላበላ ወጣሁ።

ጥቅምት በባተ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆሙ። የሚመሯቸው መሪጌታ ይርጋ ናቸው። “ይግቡ” ብል “ለነገር ነው የመጣን” ብለው ቆሙ። በመጨረሻ ገቡ፤ ጠላም ቀዳሁላቸው።

“የማዶው ኃይለ ሚካኤል ለልጁ ለደምሌ ውባለምን ይፈልጋል” አሉ መሪጌታ። “ለጥር ነው የታሰበ። እሱ ሁለት በሬ አለው፤ አንቱም ሁለት በሬ አለዎ። እኩያ ነው። ማጫውን እሱ አንድ በሬ፣ አንቱም አንድ በሬ ይሰጣሉ። ልጆቹ ጥማድ ይዘው ጎጆ ይወጣሉ።”

“ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው” አልኩ።

“ትምህርት ላይ ናት እንዴ?”

“አይደለችም።”

“ታዲያ ምን ትጠብቃለች?”

የሻረግ፣ በዕድሜዬ ስንት ነገር ተጠይቄያለሁ፤ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ምን ትጠብቃለች? መልሱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ትምህርቷን ወስጄ የት እንዳኖርኩት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አንደኛው ሽማግሌ ዝምታዬን እሺታ መስሎት “ከሁለቱ የትኛውን ይሰጣሉ? ኃይለ ሚካኤል እንኳ ቡላውን ወዶታል” አለ።

ከመጋረጃው ወዲያ ሲያጉረመርም የነበረው ወፍጮ ቀጥ አለ። ልጅሽ እጇን መጁ ላይ አድርጋ ስትሰማ በዓይኔ ያየኋት ያህል ነው።

“ቡላ የእኔ አይደለም” አልኩ።

“እንዴት? በመዝገብ የሰፈረ አይደል እንዴ?” አሉ መሪጌታ።

“መዝገቡ ዋሽቷል። ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ያለኝ አንድ በሬ ነው። ልጅቱም ለባል አልደረሰችም፤ ትምህርት ትገባለች።”

ተያዩ። መሪጌታ ጠላቸውን ጨልጠው “እንግዲህ እንመካከርበታለን” ብለው ተነሡ። ዳግም አልመጡም። አንድ በሬ ያለው ቤት እኩያ አይደለም። እንዲሄዱልኝ ፈልጌ ሳለ እንዲያ ቶሎ መሄዳቸው ደግሞ አናደደኝ፤ የእኔን ነገር ታውቂዋለሽ።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ነበር። የሚወራው ስለ መዋጮ ነው። እጄን አነሣሁ።

“ጓድ ተሻገር፣ አስተያየት አለዎት?” አለ አዲስዓለም።

“አስተያየት የለኝም። በሬ ላስቀንስ ነው የመጣሁ።”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ “አያ ተሻገር፣ ያንዱንም ነገር አብረው ይጨርሱትና ይገላገሉ!” አለ። ሌላው “በሬ የሚያስቀንስ ገበሬ ዛሬ አየን፤ ከእንግዲህ ብንሞትም አይቆጨን!” አለ። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ያን ዕለት እንኳ በእውነት ነው ያመመኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። የዓርቡን፣ የእርፉን፣ “ወዲያ ማዶ ሂጂ” ያልኳትን ሳላስቀር።

መምህርቷ እዚያው ነበረች። “ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልጻፍ፣ አባቴ?” አለችኝ። ያችን እንደ ጉንዳን ጆሮዬ የገባች ቃል እንድላት የጠበቀች መሰለኝ። አፌ እንቢ አለኝ።

“አንድ በሬ፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ሽማግሌ ብለሽ ጻፊ” አልኳት። “ስሙን አንቺው አውጪለት።”

በዚህ መካከል ጁነይዲ ሳይጠራ ተነሣ። “ቡላ የእኔ ነው። የለኝም አላልኩም፤ አለኝ ብዬም አልተሟገትኩም። በዚህ ምክንያት ልጄን ብታስወጧት ቅር አይለኝም” አለ። ሲቀመጥ ላቡን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ አየሁት። ያን ዕለት ነው የሰውየውን ቁመት በትክክል ያየሁት።

መምህርቷ ወረቀቷን አገላብጣ “አንድ በሬ ያለውም ችግረኛ ነው፤ ሀኒፋ አትነካም” አለች። “የውባለም ግን ወር አልፎታል። ክፍሉ ሞልቷል፤ ወንበርም አልጋም የለም።”

“የጎደለው ወንበር ነው?” አለ ጁነይዲ። “ዱካዋን ተሸክማ ትሂድ! አልጋ እንደሁ ከሀኒፋ ጋር ይተኛሉ። ከሁለቱ አንዷም ወፍራም አይደለችም።”

ሰው ሳቀ፤ መምህርቷም ሳቀች። ከዚያ ወረቀት ቀድዳ ጻፈችልኝ። ንፋስ መውጫ ደርሳ እንድትፈተን፤ ካለፈች እንድትቀመጥ፣ ካላለፈች እንድትመለስ።

የሄደችው ጥቅምት ሲያልቅ ነው። ጁነይዲ ጋቢ ጭኖ ወደ ንፋስ መውጫ ስለሚወጣ አብራው ሄደች። የምቀመጥባትን ዱካ ሰጠኋት፤ በራሷ ተሸከመቻት። መንገድ ድረስ አልሸኘኋትም፤ ከብት የሚጠብቅ አልነበረም። በር ላይ ቆማ “አባባ፣ ውኃውን ማን ይቀዳልዎታል?” አለችኝ።

“ከአንቺ በፊትም ውኃ እጠጣ ነበር” አልኳት።

እግሬን ስማ ሄደች። ያን ጊዜ ምናለ ሌላ ነገር ብላት ኖሮ። ሌላ ቃል ግን አልመጣልኝም፤ ዛሬም ብትቆም የምላት ያንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ፈተናውን አልፋለች። ጁነይዲ ነው የነገረኝ፤ እሱ ሲነግረኝ አህያው ላይ ያለውን ጭነት እንኳ አላወረደም ነበር። ሀኒፋ ያለፈውን የወር ትምህርት ቁጭ ብላ ታሳያታለች አሉ። ውባለምም ሀኒፋን ቁጥር ታሳያታለች። ዱካዋ አጭር ስለሆነች ከሌሎቹ ዝቅ ብላ ነው የምትታይ፤ ግን መምህሩ ሲጠይቅ ቀድማ የምትነሣ እሷ ናት አሉ። ከዝቅታ ስትነሣ ይበልጥ ትታያለች ብሎ ጁነይዲ ይቀልዳል።

እንግዲህ ይህ ነው የሻረግ። አደራሽን አምስት ወር አሳድሬብሻለሁ። በኩራቴ ነው። ጁነይዲ “ነገ እንሂድ” ካለኝ በኋላ እስከ ጥቅምት ለምን ቆየህ ብትይኝ ደግሞ፣ ጉልበቴ ነው ብዬሻለሁ።

ለእኔ አታስቢ። ቤቱ ሰፍቶኛል። ውኃውን የጁነይዲ ሚስት ፋጤ አንዳንድ ቀን ትልክልኛለች፤ ሌላውን ቀን ራሴ እቀዳለሁ። ምንጩ ላይ ሴቶቹ “አያ ተሻገር፣ እንስራ ይሸከማሉ እንዴ?” ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ጧት ማንም ሳይጠራኝ እነሣለሁ። ውባለም ልትሄድ ባለችበት ሰሞን ለካ ተደብቃ ስትፈጭ ከርማ ኖሯል፤ ሦስት ቁና ዱቄት ማሰሮ ውስጥ ሞልታልኝ ሄዳለች። ዱቄቱ ትንሽ ይሻክራል። ፋጤ ከውኃው ጋር የምትልክልኝን ዱቄት አስቀድሜ እበላለሁ፤ የእሷን ገና አላጋመስኩትም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ላብቃ። ለገና ልጆቹን አሥር ቀን ይለቋቸዋል አሉ። እኔ በጁነይዲ በኩል “መንገዱ ብርድ ነው፤ እዚያው ሆነሽ አጥኚ፣ እንዳትመጪ” ብዬ ልኬባታለሁ። አንዴ ተናግሬያለሁና ቃሌን አላጥፍም። ግን አንቺ እናቷ ነሽ። ፖስታው ቶሎ ከደረሰልሽ ጻፊላት። አባትሽ አለኝ ሳትዪ፣ ከራስሽ እንደመጣ አድርገሽ፣ “ለገና ወደ አባባ ሂጂ” በያት። እኔም ስትመጣ “ማን ነይ አለሽ?” ብዬ እቆጣታለሁ፤ አንቺ እንዳልሽ ትነግረኛለች፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

የረገጥሽው መሬት ይመችሽ። የዘራችሁት ይያዝላችሁ። ትኩሳቱ ከደጃችሁ ይለፍ። የእናትሽ የአመለወርቅ ጸሎት ከላይ፣ የእኔም ከታች ይጠብቅሽ። መልአኩን ሰላም በይልኝ።

ፖስታው እንዳይዘገይ ይህን በነገው ገበያ እሰጣለሁ።

አባትሽ
ተሻገር ካሴ